ስልክ ያልተነሳበት ጠዋት

ባየሽ ለአርባ አንደኛ ጊዜ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» አለቻት ያቺ ሴት፣ ያቺ የማትቆጣ የማትደክም ሴት፣ ቀጥላ በኦሮምኛ አለቻት፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ፣ ባየሽም ሦስቱንም እስከ ጫፍ አዳመጠች፣ በሦስተኛው ቋንቋ ምናልባት ሌላ ነገር ትናገር ይሆናል ብላ። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው የሚጃጃለው። ስልኩን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። መጋረጃው ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ሌሊት እየሠራሁ ቀን ልተኛበት ብላ የገዛችው፣ ግን የኖርዌይ የሰኔ ፀሐይ ይሉኝታ የለውም፣ በመጋረጃው ጎን ሾልኮ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተቀምጧል። ተኚ ባየሽ። ማታ ሥራ አለሽ። መጦሪያው ውስጥ አሥራ አራት ሽማግሌና ባልቴት አንቺን ይጠብቃል፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ክኒን ታቀያይራለች፣ ክኒን ያቀያየረች ደግሞ ደብዳቤ ይደርሳታል፣ በዚህ አገር ሁሉም ነገር በደብዳቤ ነው፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚቆጣሽ ሰው እንኳ የለም። ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች። የስልኳ ሰዓት የአምቦ ነው፣ በርገን ከገባች ሦስት ዓመት አልፏት አንድም ቀን ቀይራው አታውቅም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ልጆቿን ሁልጊዜ የምትቀሰቅሳቸው ግን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው።

ልጆቹ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ይህን ቃል ባየሽ ለማንም ተንፍሳው አታውቅም፣ ለንስሐ አባቷ እንኳ። ጂቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኤቢሳ ስምንት፤ አባታቸው ለሊሳ በጉበት ሕመም ሲሞት ኤቢሳ ገና ዳዴ ይል ነበር። ባየሽ ስትሰደድ ለታናሽ እህቷ ለእንቁ አደራ ብላ ሰጠቻቸው፣ እንቁም ደህና አድርጋ ያዘቻቸው፣ እስከ ጥር ድረስ። በጥር አገባችና አዲስ ዓለም ከተማ ገባች። ምን ትበላት? አታግቢ አይባል! «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አያቸዋለሁ» አለች፣ ቅዳሜው በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎ በወር። እንግዲህ ለአያታቸው መንገር ነበር፣ ለኦቦ ዓብዲሳ፣ ለለሊሳ አባት፣ ጎጆ በምትባለው የደጋ ከተማ አጠገብ ገብስና ድንች ለሚያርሱት፤ ግን እንዴት ተደርጎ? ባየሽ ልትሄድ ስትሰናበታቸው ከመደቡ ሳይነሱ «ሂጂ» ነው ያሏት፣ «ሂጂ፣ አልከለክልሽም። የልጄ ልጆች ግን ያለ ሰው ቀሩ ሲባል የሰማሁ ቀን መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ ከወሰድኳቸውም አይመለሱም።» የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ልጆቹን ወደ ኖርዌይ ለማምጣት ያስገባችው ማመልከቻ ላይ ደግሞ አሳዳጊያቸው እንቁ ናት ተብሎ ተጽፏል፣ አንድ ቃል ከተቀየረ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ይህም በደብዳቤ ተነግሯታል። ስለዚህ ማንም እንዳይሰማ ተወሰነ። ማን ወሰነ? ባየሽ ወሰነች፣ ከአራት አገር ማዶ፣ አልጋ ላይ ተኝታ።

እና በስልክ ታሳድጋቸዋለች። ስልኩ ቡፌው ላይ በስኳር ዕቃው ተደግፎ ይቆማል፣ እሷም ከእረፍት ክፍል ሆና ቤቱን ታያለች፣ ጂቱ ሽንኩርት ስትከትፍ «አሳንሺው፣ ጣትሽን እጠፊ» ትላለች፣ ኤቢሳ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፣ እሷ የባልቴቶቹን ሽንት ጨርቅ በቀየረች በአምስተኛው ደቂቃ እጇን ታጥባ ማካፈሉን ታርማለች። አሥራ ሁለት ተኩል መቀስቀሻ፣ አንድ ሰዓት ቁርስ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ፣ እራት ላይ አንድ፣ በር ሲቆለፍ አንድ። ለጎረቤትና ለመንገደኛ ደግሞ ዘዴ አለ። የለሊሳ አሮጌ ጫማ በር ላይ ይቀመጣል፣ የእንቁ ነጠላ በየቅዳሜው ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ሰው ከጠየቀ እንቁ ማታ ማታ ትገባለች ይባላል። ጂቱ አንዴም አልተሳሳተችም። አብራት የምትሠራው ኖርዌያዊት ይህን ሁሉ ባታውቅም ጂቱ ሽሮ ስትሠራ በስልክ አይታ «ራሷን የቻለች ልጅ ነው ያሳደግሽው፣ ኩሪ» ብላታለች፣ ባየሽም ያን ቀን ኮርታ ነበር፣ እውነት ለመናገር አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ስትል ሰው አይቷታል። ምነው ያን ቀን ጥርሷን በከደነች! ኩራት ጥሩ ነገር አያመጣም።

ትናንት ማታ ምን ነበር የተባለው? በደንብ አስታውሺ። ሰው ቀርቶ ቀድማ እንድትገባ ተጠርታ ነበር፣ ኮሪደር ላይ ናት፣ ስልክ ሎከር ውስጥ መሆን አለበት ተብሎ ባለፈው ወር ተነግሯታል፣ እሷ ግን ኪሷ ውስጥ ነው የያዘችው። ስድስት ቁጥር ክፍል ያለችው ባልቴት ደወል ይጮሃል። ጂቱ «እማ፣ መብራት ጠፍቷል» ትላለች፣ «ዝናቡም አላቆመም፣ ኤቢሳ በርዶታል፣ ከሰሉን ወደ ውስጥ ላስገባው?» ደወሉ ይጮሃል። ባየሽ እየሮጠች «እሺ የኔ ጎበዝ» አለች። ሳትሰማ ነው ያለችው! እንደ ልማዷ፣ ጎበዝ ማለት አፏ ለምዶ። ጂቱ «ሌላም ነገር አለ፣ እማ» አለች፣ እሷም «ነገ ንገሪኝ» አለቻትና ዘጋችው፣ ሮጣ ስትገባ ባልቴቲቱ የምትፈልገው ለካ ትራሷን ማስተካከል ነበር። ከሰል። እሺ ያልሽው ከሰልን ነው። በዝናብ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ሁለት ልጅ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። አምቦ ውስጥ በክረምት እንዲህ ተኝተው የቀሩ ሰዎች ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማለች፣ ሁልጊዜ ጎረቤት ነው ሰብሮ የሚገባው፣ ሁልጊዜ የተኙ ነው የሚመስሉት ይባላል። ኧረ በማርያም! ጎኗን ቀየረች፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። የኔ ልጅ ጎበዝ ናት፣ መስኮት ከፍታለች፣ ትከፍታለች እንጂ፣ ነግሬአታለሁ። መቼ ነገርኳት? ስለ ቡታጋዙ ነግሬአታለሁ፣ ስለ ሶኬቱ ነግሬአታለሁ፣ ስለ ወንድ ነግሬአታለሁ፣ ስለ ከሰል ነግሬአታለሁ? አርባ ሁለተኛውን ደወለች፣ ያቺ ሴት አነሳች።

ቴሌግራም ከፈተች፤ ጂቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ቲክቶክ ከፈተች፤ ባየሽ ይህን ነገር አትወደውም፣ ገጽ ያወጣችው ልጇን ለመጠበቅ ብላ ነው፣ የጂቱ ገጽ ላይ ያለው መዝሙርና የክፍል ጓደኞቿ ልደት ብቻ መሆኑን እያየች «ተመስገን» ስትል ነው የከረመችው። ዛሬ ግን ጣቷ ስቶ ከሥር ያለ አንድ ስም ነካ፣ ሌላ ገጽ መጣ፣ የኤቢሳ ፊት ያለበት፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ የሚስቅ። ስሙ «ሁለታችን ብቻ» ይላል። አሥራ አራት ሺህ ተከታይ። ባየሽ መጀመሪያ የሌላ ሰው ልጅ መሰላት፣ ሰው የራሱን ልጅ አለቦታው ሲያየው ይጠፋዋል። ከዚያ የራሷን ቡፌ አየች፣ የስኳር ዕቃውን አየች። «ያለ እናት ጠዋታችን፣ ክፍል ሠላሳ» ትላለች ጂቱ፣ ፀጉሯን በመሃል ከፍላ፣ ባየሽ ሰምታው በማታውቅ ትልቅ ሰው ድምፅ። ኤቢሳ እንቁላል ይጠብሳል። ኤቢሳ ጫማ ይጠርጋል። ቀጥሎ ነጠላው መጣ፦ «ይኸውላችሁ፣ ይቺ የአክስታችን ነጠላ ናት፣ አክስታችን የለችም፣ ነጠላዋ ግን አለች» ትልና ጂቱ ትስቃለች፣ ልጆቹ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ሦስት ሺህ ሰው የልብ ምልክት አድርጎበታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አገር ያወቀውን ባየሽ ነበረች ያላወቀችው። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ስድስት ወር ሙሉ ትንፋሿን ውጣ፣ ልጆቹ ለዓለም ነግረውታል፣ በሰማያዊው በራቸው ላይ ቆመው፣ ከኋላቸው የመንገዱ ማዕዘንና የሱቁ ሰሌዳ እየታየ።

ወደ ታች ወረደች። አንዱ ላይ የራሷን ድምፅ ሰማች። ስልኩ ቡፌው ላይ ቆሞ ሲጮህ በተዋሱት ስልክ ከጎን ነው የተቀረጸው፣ ፊቷ አይታይም፣ ድምፅዋ ብቻ፣ «ጥርስህን ታጠብክ? ቦርሳህን አየኸው? ጂቱ በሩን ቆለፍሽ? አሳዪኝ። ቁልፉን አሳዪኝ። ለምን ዘገየሽ? ለምን አላነሳሽም?» ልጆቹ አጠገቡ በጸጥታ ቆመዋል፣ አይስቁም። ከሥር ሰው ይስቃል፤ አንዱ «ይቺ እናት ናት ወይስ ማንቂያ ደወል?» ብሏል። ባየሽ ድምፅዋን ሁለት ጊዜ ሰማችው። እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው? በልቧ ውስጥ ሲነሳ እኮ ልስልስ ያለ ነበር፣ የኔ ዓለም፣ የኔ ሆድ እያለ ነበር የሚነሳው፣ መንገድ ላይ ምን ያገኘዋል? ሰው የጻፈውን እያነበበች ወረደች፣ «ጎበዞች»፣ «አይዟችሁ»፣ «እናታችሁ ትምጣላችሁ»፣ ከዚያ ስምና ፎቶ የሌለው አንዱ፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ «ቤታችሁን አገኘሁት። ሰማያዊ በር። ብቻሽን ነሽ አይደል?» በማግስቱ ያው ሰው፣ «ለምን አትመልሺም?» የመጨረሻው ቪዲዮ ትናንት ማታ የተለቀቀ ነው፣ ምስል የለውም፣ ጥቁር ብቻ፣ በላዩ ላይ «ከእንግዲህ ቪዲዮ የለም። ቻው» ተብሎ ተጽፏል። ባየሽ ከአልጋው ተነሳች። ተመልሳ ቁጭ አለች። ከሰል ነው ብላ ስትፈራ ቆይታ አሁን ደግሞ ከሰል በሆነ ብላ የተመኘች መሰላት፣ ይህን በማሰቧ አፏን በእጇ መታችው።

እንግዲህ ማንን ትጥራ? ስትጠራ ምስጢሩ ይወጣል፣ ምስጢሩ ሲወጣ ልጆቹ ይሄዳሉ። ባትጠራስ? ባትጠራ… የቱ ምስጢር ነው የሚወጣው ደግሞ፣ አሥራ አራት ሺህ ሰው ይዞት! እትዬ ጥሩነሽ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው፣ በራቸው ላይ ጤና አዳም የሚሸጡ፣ ሁሉን የሚያዩ፣ ባየሽ ስድስት ወር ሙሉ በየበዓሉ እየደወለች «እንቁ ደህና ናት፣ ማታ ማታ ትገባለች» ስትል የዋሸቻቸው። ደወለችላቸው። በአንዴ አነሱት።

«እትዬ፣ ባየሽ ነኝ።»

«ውይ ባየሽዬ! ምነው ድምፅሽ? ደህና አደርሽ? ያ አገር እንዴት ነው፣ ብርዱ…»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ የልጆቹን በር ይዩልኝ። ስልክ አያነሱም። እንቁ… እንቁ የለችም። ከጥር ጀምሮ የለችም። ብቻቸውን ናቸው፣ ከሰል አስገብተው ተኝተዋል፣ ሰብረው ይግቡ፣ ሰው ይጥሩ!»

ጥሩነሽ ሲነሱ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ፣ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ባየሽ እያንዳንዱን እርምጃ ቆጠረች። እየሄዱ ይናገራሉ፣ እትዬ ጥሩነሽ ሬሳ ሊያዩ ቢሄዱም ይናገራሉ። «የለችም ትለኛለች! እኔ እኮ አውቃለሁ። ያቺን ነጠላ ስድስት ወር ሙሉ ሲያሰጧት አያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ጫፏ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። በአምቦ ጭቃ! የማይቆሽሽ ነጠላ የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም። አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ አፍራ ነው፣ ትንገረኝ ብዬ…» ቆሙ። ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ባየሽ ግድግዳውን ያዘች።

«እትዬ?»

«ጓጉንቸሩ ከውጪ ነው።»

«ምን?»

«ተቆልፏል፣ ከውጪ። በመስኮት እያየሁ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። ከሰሉ በረንዳ ላይ ነው፣ ዝናብ ገብቶበታል። እዚህ ማንም የለም ባየሽ።»

አልሞቱም። ባየሽ «ተመስገን» ብላ ጮኸች፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ረገጠ፣ እሷ ግን ቃሉን ሳትደግመው አቆመች። ታዲያ የት ናቸው? ጥሩነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። «ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ግድም አንድ ጎረምሳ በሞተር መጥቶ በሩን ሲደበድብ ሰምቼ ወጥቼ ነበር። ማነህ ስለው የአክስታቸው ባል ወንድም ነኝ አለኝ። አንቺ ራስሽ ለፋሲካ የእንቁ ባል ዘመዶች ይመጣሉ ብለሽኝ አልነበር? አመንኩት። ግባ የኔ ልጅ፣ ኋላ ዝናቡ እንዳይመታህ ብዬው ገባሁ።» አለቀሱ። «እኔ አሮጊት! ግባ አልኩት እኮ!» ባየሽ «አያልቅሱ እትዬ» ብላ ዘጋችው፣ ውሸቱ የሳቸው አልነበረም፣ የሷ ነው፣ ቁጭ ብላ በሰንበት የፈተለችው፣ ሰውየው በዚያች ውሸት ነው የገባው።

የእንቁን ስልክ ሞከረች፣ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ፖሊስ? ከበርገን ሆና ለአምቦ ፖሊስ ምን ትላለች፣ ማን ናቸው ቢሏት፣ ማን ጋር ነበሩ ቢሏት? እዚህ ያለው ፖሊስ ቁጥር ላይ ብትደውል ደግሞ በተሰባበረ ኖርዌይኛዋ አገርሽ የት ነው ይሏታል፣ ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ደብዳቤ ይመጣል። ልጄ በሞተር፣ በማላውቀው ጎረምሳ ወገብ ላይ እጇን አድርጋ፣ በየት በኩል፣ በጉደር በኩል፣ በጊንጪ በኩል፣ ኤቢሳስ? ኤቢሳን የት ጣለው? መንገድ ላይ ሰው ታገተ የሚል ወሬ በየሳምንቱ ትሰማለች፣ ስትሰማም የሌላ ሰው ልጅ ነበር ሁልጊዜ፣ «አይ እናቱ» ብላ ነበር የምታልፈው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። አሁን የቀረው አንድ ሰው ነው። ልጆቹን ፍለጋ በፈረስም ሆነ በእግር የሚወጣ፣ የደንዲንም የጀልዱንም አገር ሰው በሰው የሚያውቅ፣ ከተጠራ በኋላ ግን የማይመለስ። ይውሰዷቸው። ይውሰዷቸው ብቻ ያግኟቸው! ለሊሳ በሕይወት እያለ የጻፈላት ቁጥር ስልኳ ውስጥ አለ፣ «አባባ ጎጆ» ይላል፣ ሦስት ዓመት አልደወለችበትም። ነካችው።

«ሀሎ» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። ከኋላቸው በግ ይጮሃል።

«አባባ፣ ባየሽ ነኝ፣ ልጆቹ…»

«አካም ቡልቴ፣ ባየሽ? እንዴት አደርሽ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ አባባ፣ ልጆቹ…»

«ደህና ነሽ? ጤናሽ ደህና ነው? እዚያ ያሉ ሰዎች ደህና ናቸው?» በጎጆ ሰላምታ በግማሽ አይቆረጥም። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ እሳቱ እንዴት አደረ ብለው ይጠይቁታል እያለ ለሊሳ ይስቅባቸው ነበር። ባየሽ ለሰላምታው በሰላምታ ካልመለሰች ሰውየው ወደ ሌላ ነገር እንደማያልፉ ታውቃለች፣ ስለዚህ እንባዋን እየዋጠች ትመልሳለች፣ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ እርስዎስ፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ፣ ውርጩስ። ውርጩ ዘንድሮ አልከፋም፣ ገለተ ዋቃዮ፣ አምላክ ይመስገን። ድንቹ በቅሏል። ነጩ ወይፈን እግሩን አሞት ነበር፣ ተሽሎታል። ባየሽ ስለ ወይፈኑ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፣ ትራሱን በጥርሷ ነክሳ። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቹ እዚህ ናቸው» አሉ።

ባየሽ ትራሱን ከጥርሷ አላቀቀች።

«ጂቱ ማታ ደወለችልኝ። ሰው በሬን እየደበደበ ነው አለች። አትክፈቺ፣ ቁጭ በዪ፣ ሲነጋ በመጀመሪያው መኪና ነይ አልኳት። ሹፌሩ የማውቀው ሰው ነው፣ ከፊት አስቀምጦ አመጣልኝ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ድንች በልተዋል። ትንሹ ተኝቷል።» ቆም አሉ። ባየሽ ስድቡን ጠበቀች፣ ሦስት ዓመት የተጠራቀመውን፤ ይምጣ፣ ይገባኛል አለች። ሽማግሌው ግን «አንቺም አልተኛሽም፣ ድምፅሽ ያስታውቃል» ነው ያሏት፣ ቀጥለውም «ከእንግዲህ እኔ ጋር ናቸው። ይህን ታውቂያለሽ» አሉ፣ ሳይቆጡ፣ ወይፈኑን በነገሯት ድምፅ።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። «ጂቱን ይስጡኝ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ። የልጇን ትንፋሽ ሰማች፣ ትንፋሿን ብቻ፣ በሕይወት ያለች ልጅ ትንፋሽ፣ እና ገና ምንም ሳይባል ባየሽ ማልቀስ ጀመረች፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጧ እየወረደ። «ለምን ለኔ አልደወልሽም?» አለች። አይ ባየሽ! ስንት ቃል እያለ። «ለምን አልነገርሽኝም? ገደልሽኝ እኮ! አርባ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ለምን ስልኩን አጠፋሽ?»

«እሱም ስለሚደውል ነው» አለች ጂቱ። «ልጁ። ቁጥሬን አግኝቶታል። ሌሊቱን ሙሉ ደወለ።»

«እና ጎጆ እንደደረስሽ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ልደውል ነበር።» በጉ ጮኸ። «ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«ማታ ልነግርሽ ነበር እማ። ነገ ንገሪኝ አልሽ። ከዚያ ሳስበው ብነግርሽስ ምን ታደርጊያለሽ አልኩ። አንቺ ሩቅ ነሽ። ትጮሂያለሽ፣ ቁልፉን አሳዪኝ ትያለሽ። ኤቢሳ ያለቅሳል። አባባ ቅርብ ነው።» ይህን ሁሉ ያለችው ሳትወቅስ ነው፣ ፈተና ላይ መልስ እንደሚሠራ ተማሪ፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዘች፣ ባየሽም ራሷ ባስተማረቻት አስተሳሰብ እየተመራች ከልጇ መልስ ጋር ደረሰች፣ መልሱም ልክ ነበር። «ገጹን ትቼዋለሁ» አለች ጂቱ። «አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ልናዋርድሽ አይደለም እማ። ማታ ማታ ዝም ሲል ያስፈራል። ሰዎቹ አይዟችሁ ይሉን ነበር።»

ባየሽ አይዟችሁ ያለቻቸውን ቀን ፈለገች። ጎበዝ ብላቸዋለች፣ ፍጠኑ ብላቸዋለች፣ ቆልፉ ብላቸዋለች። ፊቷን በአንሶላው ጠረገች፣ ድምፅዋን አለሰለሰች፣ ያን ቪዲዮ ውስጥ ያለውን ድምፅ አጥፍታ ሌላ ለማምጣት ሞከረች፣ እና «እሺ የኔ ዓለም፣ አንቺ ደህና ሁኚ እንጂ ግድ የለም፣ ፈተናሽስ?» አለች፣ ሰኞ አባባ ይዞኝ ይወርዳል አለቻት ጂቱ፣ «እሺ፣ እንግዲያው ማታ እደውላለሁ፣ ኤቢሳ ሲነሳ፣ በአባባ ስልክ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጠዋት ደግሞ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ…»

«እማ።»

«ወዬ።»

«አንቺ አትደውይ።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ በሞተር የመጣውን ጎረምሳ ስትናገር ያልተንቀጠቀጠው። «እኔ እደውልልሻለሁ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ። እሱ ሲደውልም፣ አንቺ ስትደውዪም። ሆዴን ያመኛል፣ ምን ረሳሁ እላለሁ። ኤቢሳም እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል። እኔ እደውላለሁ፣ እሺ?»

ጎጆ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፣ በስልኩ ውስጥ ይሰማታል። ባየሽ «መቼ?» ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ ነው፣ ዛሬ ነው፣ ብትረሺስ፣ እና እያንዳንዱ ጥያቄ ከአፏ ሳይወጣ ልጇ ሆድ ውስጥ ሲጮህ ተሰማት።

«እሺ» አለች። ልጇ እስክትዘጋው ድረስ ሌላ ቃል አልጨመረችም።